እትዬ ዘነበች ወደ ኦሞ ሊሄዱ ነው

ከጦር ኃይሎች ወደ አስኮ በሚሄድ ታክሲ፣ ከፊቴ ሁለት ጎረቤታሞች ያወራሉ። አንዷ ወጣት፣ ሌላዋ ትልቅ ሴት ናቸው።

«እትዬ ዘነበች፣ ሱቁን ሊዘጉት ነው የሚባለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው ልጄ። ኦሞ ወርጄ ወንጌል ልናገር ነው። ጌታ ከጠራኝ ቆይቷል።»

«ባለቤትዎ ጋሼ እምቢ ብለው አልነበር?»

«‹በዚህ ዕድሜሽ እዚያ ማን ይንከባከብሻል?› እያለ ከለከለኝ። እኔም ስጸልይ ከረምኩ። ትናንት ቦት ጫማ ገዝቶልኝ መጣ።»

«እሰይ፣ ፈቀዱ ማለት ነው።»

«ቆይ አስጨርሺኝ። ከፌስታሉ ሌላ ቦት አወጣ። ‹ይሄስ የማን ነው?› አልኩት።»

«ምን አሉ?»

«‹የእኔ ነዋ፤ አንቺ ስታስተምሪ ውሃ ማን ይቀዳልሻል?›»

እየተሳሳቁ ሲወርዱ፣ እኔ ስልኬን አውጥቼ የባለቤቴን ስም ፈለግኩ።