እማዬ አልጋ ላይ የተኛው ድንጋይ

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ማን ልበል? … ላምበርት ነህ? ቆይ፣ አንዴ ቆይ፣ እጄ ዱቄት ነው። … እሺ፣ አሁን ተናገር።

ኢዝሜይ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ይዛ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ታናሽ ወንድሟ ከእንግሊዝ አገር፣ ከሀደርስፊልድ፣ የሚደውለው ለገናና ለፋሲካ ነበር። ዛሬ ገናም አይደለም፣ ፋሲካም አይደለም። ስለዚህ ድምፁን ስትሰማ ፊቷ በራ።

— ደህና ነን፣ ሁላችንም ደህና ነን። አንተስ? የደም ግፊትህስ? … መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ። … አክስቴ ዴላ እዚሁ ናቸው፣ ከጎኔ ተቀምጠዋል። ሰማንያ ስምንት ሞላቸው እኮ። አክስቴ፣ ላምበርት ነው፣ ከእንግሊዝ። … ሰላም ብለውሃል። «ሆዱ ገፍቷል ወይ» ይላሉ። … እሳቸው ጆሯቸው ነው እንጂ ምላሳቸው መች አረጀ።

— በርሜሉ? ደርሷል። ትናንት በመርከብ ገባ፣ ከወደቡ ድረስ አራት ሰው እየተቀባበለ ነው ያመጣው። … አልከፈትነውም። አንተ ሳትደውልማ አንነካውም ብያለሁ። … አሁን? በል እንግዲህ። አክስቴ፣ ክፈቱት ብሏል። ቢላዋው ጠረጴዛው ላይ ነው። ቀስ ብለው፣ ጣትዎን እንዳይቆርጡ።

በርሜሉ መሃል ቤት ቆሟል። ውስጡ ምን እንዳለ ኢዝሜይ በልቧ ታውቀዋለች፤ ነጭ ጨርቅ ነው። በካሪያኩ ደሴት ሰው ሲሞት ይቀበራል እንጂ አያርፍም። የሚያርፈው የመቃብር ድንጋዩ ሲቆምለት ነው። ልጆቹ ድንጋዩን ያስቀርጹና ቤት አስገብተው እንደ ሰው አልጋ ላይ ያስተኙታል። የድግሱ ቀን ነጭ ጨርቅ አልብሰው ከበሮ ያስመቱለታል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፤ በመጨረሻም ልጆቹ በገዛ እጃቸው ተሸክመው ወደ መቃብሩ ይወስዱታል። የእነ ኢዝሜይ እናት ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ድንጋይዋ ግን አራት ዓመት ሙሉ አልጋዋ ላይ ተኝቶ ሁለተኛውን ተሸካሚ ይጠብቃል። ከልጆቿ በሕይወት ያሉት ሁለት ናቸው፤ አንዷ እዚህ ናት፣ አንዱ ስልኩ ውስጥ ነው።

— የዛሬ ሦስት ሳምንት ሐሙስ ነው የምትገቡት፣ አይደል? … ጽፈህልኛል፣ አይቼዋለሁ። ለዚህ ነው እኮ ድግሱን ለቅዳሜው ያደረግሁት። ከበሮ መቺዎቹ ሦስቱም እሺ ብለዋል። ጋስኮይን ፍየሉን አስሮ እየቀለበ ነው። … ጋስኮይን ነዋ፣ ጀልባ ሠሪው! ከአንተ ጋር ከሰው ወጥመድ ዓሣ ሲሰርቅ የተያዘው። … አዎ፣ እሱ። ጸጉር የሚባል ነገር የለውም አሁን። … የበቆሎ ገንፎውን እኔ አገነፋለሁ። የሙታኑን ሳህን፣ ለእማዬ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠውን፣ ደግሞ አክስቴ ናቸው የሚሠሩት፣ ያለ ጨው፤ እኔ ከሠራሁት እጄ ለምዶ ጨው ይጨምርበታል። … ትዝ ይልሃል አይደል? ጎረቤት ድግስ ላይ ከዚያ ሳህን ሰርቀህ በልተህ እማዬ በመጥረጊያ እስከ ባሕሩ ያሳደደችህ። «ጨው የሌለው የሙታን ነው፣ ቀምሰህ ልትከተላቸው ነው?» እያለች። … ሄሎ? ትሰማኛለህ?

— ዓሣ? … የቱ ዓሣ? … ባለ ቀለሙ። አረንጓዴና ሮዙ፣ ከባሕሩ ሥር የሚበቅለውን ኮራል የሚግጠው። … አልፎ አልፎ ይታያል። ምነው? … ፖሊን ማየት ፈለገች። ጥሩ፣ ለሚስትህ ሰላም በልልኝ። … የባሕር ኤሊስ? አንዳንዴ። … ላምበርት፣ ስለ ፍየሉ እየነገርኩህ ነበር።

አሮጊቷ የበርሜሉን ክዳን አነሡና ክንዳቸውን ሰደዱ። ያወጡት ነገር ጥቁር ነው፣ ጎማ ነው፣ የዳክዬ እግር ይመስላል። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው ተመለከቱት።

— ላምበርት፣ ከላይ ያለው ይሄ የዳክዬ እግር ምንድን ነው? … ለዋና። እሺ። … ስድስት ጥንድ። እሺ። አክስቴ፣ የዋና ጫማ ነው፣ ወዲያ ያድርጉት። … ከጓደኞቻቸው ጋር ስድስት ሰው ነው የሚመጡት፣ ለዚያ ነው። … ጨርቁ ከሥር ይሆናል። እማዬም እንዲህ ነበር የምታሽገው፤ ቆሻሻ የሚችለው ከላይ፣ ንጹሑ ከሥር።

ከጫማው ሥር መነጽሮች ወጡ፣ የመተንፈሻ ቱቦ የተንጠለጠለባቸው። ከመነጽሮቹ ሥር አናናስ የተሳለበት በአየር የሚነፋ ፍራሽ። ከፍራሹ ሥር ፀሐይ እንዳያቃጥል የሚቀባ ቅባት፣ አሥራ ሁለት ጠርሙስ። ኢዝሜይ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዞረች።

— አለሁ፣ አለሁ፣ እሰማሃለሁ። … አክስቴ፣ ጨረሱ? … ሥሩ ታየ? … በደንብ ይዩት። በእጅዎ ይዳስሱት።

— ላምበርት። ነጩን ጨርቅ በሌላ ነው የላክኸው? … የምን ጨርቅ ማለት ምን ማለት ነው? የእማዬ ነዋ። በድምፅ መልእክት ልኬልህ የለም ወይ? ሰባት ደቂቃ ነው የተናገርኩት፣ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ። … ሰምተኸዋል። እስከ የት? … ስለ ጤና እስከማወራበት። ላምበርት፣ ስለ ጤና ያወራሁት የመጀመሪያውን ግማሽ ደቂቃ ነው። እሱ ለወግ ነው። ነገሩ ከዚያ በኋላ ነበር።

— አልተቆጣሁም። … አልተቆጣሁም አልኩህ እኮ። አሁን ልንገርህ፣ አሁን ስማ። ቅዳሜ የእማዬ የድንጋይ ድግስ ነው። ድንጋይዋ ላይ ስምህ አለ። «ከልጆቿ ከኢዝሜይና ከላምበርት» ይላል፣ ተቀርጾ። አንዱን ጫፍ እኔ እይዛለሁ፣ አንዱን አንተ። ከቤት እስከ መቃብሩ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ዘፈኑን የሚያወጡት አክስቴ ናቸው፤ ከእሳቸው በቀር ሙሉውን የሚያውቅ አልቀረም። ይኸው ነው። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።

ከዚያ ረጅም ጊዜ ሰማች።

— ቅዳሜ ምን አላችሁ? … ጀልባ። … ወደ ኮራሉ። ለእሑድ አድርጉታ። … ተይዟል። … ሆቴሉ ነው የያዘላችሁ። የቱ ሆቴል? … ወሽመጡ ላይ ያለው።

ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። አሮጊቷ ምን አለ ለማለት አገጫቸውን ነቀነቁ፤ በእጇ ቆዩ አለቻቸው።

— እኔ እዚህ የምታርፉ መስሎኝ ነበር። … ክፍልህን ቀለም ቀብቼዋለሁ። … አይ፣ ግድ የለም፣ ቀለም ነው። … «ነይና እይን»። ላምበርት፣ እኔ እዚያ ሆቴል ስድስት ዓመት አንሶላ አጥቤያለሁ። የማውቀው በር የጓሮውን ነው። በዋናው በር ልግባ ብል ዘበኛው «እትዬ፣ ማንን ፈልገው ነው?» ይለኛል። ምን ልበለው? «ወንድሜን፤ ቱሪስት ነው» ልበለው?

— አልሳቅህም? እኔም አልሳቅሁም።

— ኮራሉ እንዴት ነው ነው የምትለኝ? እሺ፣ እሱን ልንገርህ። ሞቷል። … ምን ያስቀልደኛል። በዚያ ሙቀት በበረታበት ዓመት ነጣ። ነጥቶ ሳያገግም አውሎ ነፋሱ መጣና ሰባብሮ ዳርቻው ላይ ከመረው። አሁን በደጃችን ብታልፍ የከብት አጥንት ነው የምትለው። … ፎቶውንማ አውቀዋለሁ። ሆቴሉ የሚያሳያችሁ ፎቶ አንተ ጥርስህን ስትነቅል የተነሳ ነው። … ከደሴቷ ወዲያ፣ ጥልቁ ላይ፣ ጥቂት ተርፏል ይላሉ። እኔ አላየሁም። ለመዋኘት ጊዜ አላገኘሁም።

— «በጣም ያሳዝናል»። አዎ፣ ያሳዝናል። ድምፅህ ሲሰበር ሰማሁት፣ ለኮራሉ። ደግ ነህ። ግን እኔ ስቆጥርልህ ነበር፤ ስለ ባሕሩ ስምንት ጥያቄ ጠየቅኸኝ፣ ስለ ቤታችን ጣሪያ አንድም አልጠየቅኸኝም። … ሸራ ልከህ ነበር። ተቀብለናል፣ አመስግነናል። ከፈለግህ አሁንም እናመስግንህ። አክስቴ፣ ስለ ሸራው ያመስግኑት። … አመስግነውሃል።

የተናገሩት ምስጋና አልነበረም። ኢዝሜይ ግን እንዳለ ልታስተላልፈው አልፈለገችም።

— ምን? … ጓደኞቻችሁ። አንዶቹ ባልና ሚስት ሆቴሉ ሞላባቸው። … የእማዬ ክፍል? … ባዶ አይደለም። … ሰው ተኝቶበታል። … ማን እንደሆነ ልንገርህ? እማዬ ናት። … ድንጋይዋ፣ ላምበርት፣ ድንጋይዋ። ከአራት ዓመት ጀምሮ። የት ላስቀምጣት ነበር፣ ዶሮ ቤት?

— ስለ አልጋውማ እኔ ነኝ የምነግርህ። ጣሪያው የሄደ ቀን እኔና አክስቴ የት እንደነበርን ታውቃለህ? እማዬ አልጋ ሥር። በሩ ሄደ። ምድጃው ሄደ። የሠርግህ ፎቶ ከነመስተዋቱ ሄደ፣ እስከ ዛሬ አላገኘነውም። ያ አልጋ ግን ስንዝር አልተነቃነቀም፣ ድንጋይዋ ከላይ ሆና ይዛልን ነበር። እኔ በአፌ ስጸልይ አክስቴ «አይዞሽ፣ እናትሽ ከባድ ናት» ይሉኝ ነበር። ይኸው ነው እንግዲህ የእማዬ ክፍል። ለጓደኞችህ ንገራቸው፣ ባዶ አይደለም።

ከወዲያ በኩል የሌላ ሰው ድምፅ መጣ፣ የሴት፣ የሚያቻኩል።

— ፖሊን ናት? … ትቆይ፣ ትንሽ ትቆይ። … ወደሚቀጥለው ዓመት? አንዴ ልጠይቅልህ። አክስቴ፣ ላምበርት «እስከሚቀጥለው ዓመት ይቆያሉ ወይ» ይላል። … ሳቁ። ሰማኸው ሳቃቸውን?

— አንድ ሰዓት ብቻ ስጠኝ። ጠዋት አደርገዋለሁ፣ ጀልባው ሳይነሳ። ከበሮውን እኔ አሳጥረዋለሁ። መቃብሩ በር ላይ ጠብቀን፣ ከበሩ ወዲያ ያለውን ብቻ ያዝ። ሃያ እርምጃ። የዋና ልብስህን እንደለበስክም ቢሆን ና፣ እማዬ ራቁትህን ታውቅሃለች። … እሺ። … እሺ፣ አስብና ንገረኝ። … አሰብክ። ቶሎ አሰብክ።

— ሰው ልቅጠር? … ሁለት ጉልበተኛ። ልክ ነህ፣ ደህና አድርገው ይሸከሟታል፣ እንደ በርሜሉ። ግን አንድ ነገር አስረዳኝ፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ። ጀልባውን ለምን ራስህ ትሄዳለህ? ለጀልባው ሰው አትቀጥርም? ዓሣውን አይቶልህ መጥቶ ይንገርህ። … አይመሳሰልም። አዎ፣ አይመሳሰልም፣ እኔም ያልኩት እሱን ነው። ለዓሣ ራስህ ትመጣለህ፣ ለእናትህ ቅጥረኛ ትልካለህ።

ይህን ስትለው ድምፅዋ ከፍ አላለም። ከፍ ያለው የእሱ ነበር፤ አሮጊቷ እንኳ ከተቀመጡበት ሰምተው ዓይናቸውን ወደ ወለሉ ጣሉ። ኢዝሜይ እስኪጨርስ ጠበቀች። በነጻ እጇ ከጠረጴዛው ላይ የዱቄት ፍርፋሪ ትለቅማለች።

— ጨረስክ? … እንደሠራህ አውቃለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ዕረፍት አልወሰድክም፣ አምናለሁ። ዕረፍት ይገባሃል። እሷም ይገባታል ነው የምልህ፣ ሌላ ምን አልኩህ።

— በቃ፣ እንተወው። … እንተወው አልኩህ። ጋስኮይን ይይዘዋል። እናቱን በእጁ አሳርፏል፣ መንገዱን ያውቃል። … ስምህ? ስምህማ አይፋቅም። ድንጋይ ነው። ይቀመጣል።

— አልተቀየምኩም። … በርሜሉን ሆቴል አስልክልሃለሁ፣ ሁሉም እንዳለ ነው። ቅባቱን አልነካነውም፣ እኛ ለፀሐይ አንቀባም። … ምን አልከኝ? … ከድግሱ?

አሁን ድምፁ ለስልሶ ነበር፣ እንደ ዱሮው፣ እማዬን አንድ ነገር ሲለምን እንደሚያደርገው። ኢዝሜይ ፍርፋሪውን መልቀም ተወች።

— ከገንፎውና ከፍየሉ ይቀመጥልህ? … እሑድ መጥተህ ልትበላ። … እናስቀምጥልሃለን። … አይ፣ ለፖሊን አይሆንም፣ ለአንተ ብቻ። … እዚሁ፣ ጠረጴዛው ላይ። ከእማዬ ሳህን ጎን።

አሮጊቷ ቀና አሉ።

— ጨው ግን የለውም፣ ላምበርት።

ጠበቀች። የእማዬ መጥረጊያ ትዝ እስኪለው ጠበቀች።

— … ሐኪሙ ጨው ከልክሎሃል። … አዎ። እንግዲያው ይስማማሃል። … እሺ፣ ሰላም በልልኝ። ደህና ሁን።

ስልኩን ዘጋችና ፊቱን ወደ ጠረጴዛው ገልብጣ አስቀመጠችው።

— አክስቴ፣ ያለ ጨው የሚሠሩት ሁለት ሳህን ይሁን።