የአባባ ባሱ ቡችላ

በመከር ወራት ከሳምንቱ ገበያ ስመለስ፣ ወደ ሰፈራችን በሚወጣው የተራራ መንገድ ላይ አባባ ባሱን በአጋጣሚ አገኘኋቸው። በቅሏቸውን ከፊት አስቀድመው ቀስ ብለው ይወጣሉ። ስለ ቤተሰብ፣ ስለ በጎች፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቅን። በዚህ መሀል ከኮርቻው የተንጠለጠለው ከረጢት ተንቀሳቀሰና አላዘነ።

"ምንድን ነው የያዙት፣ አባባ?"

"ውሻ ነው። ገና ጡት መተዉ ነው።" ከረጢቱን ከፈት አድርገው አሳዩኝ። መዳፈ ሰፊ፣ ነጭ ቡችላ ነው። ብርሃኑ ዓይኑን ወጋውና አንገቱን መልሶ ቀበረ።

"የት ሊያሳድጉት ነው?"

"የት ይሆናል? ጉድጓዱ ውስጥ ነዋ።"

ንዴቴ እዚያው ላይ ጀመረ። እኛ የአትላስ ተራራ በግ አርቢዎች ጥሩ ጠባቂ ውሻ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው ብለን እናምናለን። ቡችላው ዙሪያውን በድንጋይ የተካበ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ አፉ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይጫንበታል። ዓመት እስኪሞላው ከጌታው በቀር ሰውም ውሻም አያይም። ሲወጣ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል፣ እኛም ጀግና እንለዋለን።

አባባ ባሱ የበፊቱን ውሻቸውን ያሳደጉት እንዲሁ ነበር። አግዳል የምንለው የጋራ ግጦሻችን በጸደይ ተዘግቶ ይከርምና፣ ሽማግሌዎች በቆረጡት ቀን ይከፈታል። የሁሉም መንጋና የሁሉም ውሻ በዚያች ጠዋት በአንድ ጠባብ ማለፊያ ላይ ይገናኛል። ባለፈው በጋ በዚያች ጠዋት የአባባ ባሱ ውሻ የእትዬ ቱዳን ውሻ ጉሮሮውን ይዞ ገደለው። በጎች ደንግጠው ገደል ገቡ። ገዳዩ ውሻም በድንጋይ ተወግሮ ሞተ። ሽማግሌዎቹም የባሱ ውሻ ዳግመኛ ሌላ ውሻ ከነከሰ የባሱ መንጋ አግዳል አይገባም ብለው ፈረዱ። ያለ አግዳል ደግሞ በጋውን የሚዘልቅ መንጋ የለም።

"ፍርዱን ረሱት እንዴ፣ አባባ?"

"አልረሳሁትም። ይሄኛውን አጥብቄ የምዘጋበት ለዚያ ነው። ያኛውን ባለቤቴ እያዘነችለት አልፎ አልፎ ታወጣው ነበር። እሷ ናት ያበላሸችው።"

"ውሻ አይቶ የማያውቅ ውሻ፣ ድንገት ሃያ ውሻ ሲከበው ምን እንዲያደርግ ነው የሚጠብቁት?"

"አንተ ልጅ፣ እኔ የምፈልገው ተኩላ የሚይዝ ውሻ ነው። ከጎረቤት ውሻ ጋር ሲላፋ ያደገ፣ ተኩላ ሲመጣም ና እንጫወት ነው የሚለው።"

"ያኛው ተኩላ ይዞ ያውቃል?"

በቅሏቸውን በዱላቸው ነካ አደረጉ።

"የያዘው የእትዬ ቱዳን ውሻ ነው" አልኩ። "ተኩላውን ከጎረቤት አይለይም ነበር። ማን አሳይቶት ይለይ?"

"ኮሌጅ የላክንህ ልጆች እንድታስተምር ነው ወይስ ውሾች?"

"ልጆች ነው። እስቲ አንድ ልጅ ዓመት ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ዘግተው አሳድገው ሠርግ ቤት ይውሰዱት። ምን ያደርጋል?"

"አንዳንዱን ልጅ ሳይዘጋበትም አይተነዋል" አሉ አባባ ባሱ።

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ከረጢቱ ግን እንደገና አላዘነ። "አባባ፣ ቡችላ የውሻን ጠባይ የሚማረው በዚህ ዕድሜው ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ወር ካመለጠው በኋላ ማስተማሩ ከባድ ነው። ጉድጓዱ የትም አይሄድብዎትም። አሁን እትዬ ቱዳ ቤት ይዘነው እንግባና ከቀሩት ውሾቻቸው ጋር ሲገናኝ ይዩት።"

"ቱዳ ቤት? ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊቷን ያዞረችብኝ ሴት ቤት? ደግሞ እኔ ምን አደረግኳት? የገደለው ውሻው ነው።"

እያጉረመረሙም ቢሆን መጡ።

እትዬ ቱዳ ባላቸው የሞተባቸው፣ መንጋቸውን ብቻቸውን የሚመሩ ሴት ናቸው። ደጃቸው ላይ ሱፍ ሲያበጥሩ ደረስን። ቀና ብለው እኛንም የሚያላዝነውን ከረጢትም አዩ።

"የገደልከው አልበቃህ ብሎ ሌላ ውሻ ይዘህ መጣህ?"

"እኔ አልመጣሁም። አስተማሪው ጎትቶ አመጣኝ።"

"በግ ነህ የምትጎተት?"

ጠቡ ሳይሟሟቅ የመጣንበትን ነገርኳቸው። ውሾቻቸው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መወጋታቸውንም ጠየቅኩ።

"የኔዎቹ ሁሉም ተወግተዋል። ያልተወጋው የሱ ነበር። ሐኪሙ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይውጋለት?"

ወንዶቹ ውሾች ታስረው እንዲቆዩ፣ ረጋ ያለችው ጥቁሯ አሮጊት ውሻ ብቻ እንድትመጣ ለመንኳቸው። ብዙ ውሻ በአንድ ጊዜ ከከበበው ቡችላው የሚማረው ፍርሃት ብቻ ነው። አባባ ባሱ ከረጢቱን ፈቱ። ቡችላው ጭራውን በእግሮቹ መሀል ወሽቆ እንደ ድንጋይ ደረቀ። ሊገፉት ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። "ራሱ ይሂድ፣ አባባ። ካልፈለገም ይቅር።"

ጥቁሯ ውሻ ጎኗን ሰጥታው ተኛች። ቆይቶ ቆይቶ ጠጋ አለ፣ አሸተታት፣ ወዲያውም ደፈረና ጆሮዋን በሹል ጥርሱ ነከሰ። አጉረመረመች። ደገማት። በአፏ አንገቱን ይዛ መሬት ላይ ስትጫነው ጮኸ፤ አባባ ባሱም ዱላቸውን አነሱ።

እትዬ ቱዳ ዱላውን አየር ላይ ያዙት። "ተዋት። ከአንተ የተሻለ እያሳደገችው ነው።"

ቡችላው ሆዱን ሰጥቶ ተንጋለለ። ወዲያው ለቀቀችው። ደምም ጭረትም የለበትም። ራሱን አራገፈና ተመልሶ ሄደ፤ ያንኑ ጆሮ አሁን በለስላሳው ያዘ። እሷም ዝም አለችው።

"አዩ?" አልኩ። "የጥርሱን ልክ ነገረችው። እርስዎ በዱላ ዓመት ሙሉ ቢለፉ ይህን አይነግሩትም። መሸነፍ ምን እንደሆነ፣ የተሸነፈን መልቀቅም ምን እንደሆነ አየ። ያኛው ግን የእትዬ ቱዳ ውሻ ሆዱን ሲሰጠው እንኳ ትርጉሙን አላወቀም።"

አባባ ባሱ ዱላቸውን ዝቅ አደረጉ። እትዬ ቱዳ ግን አልጨረሱም።

"ያኛው ቡችላ ሳለም መልእክት ልኬብህ ነበር። ቡችላህን አምጣውና ከኔዎቹ ጋር ይዋል ብዬ ልኬብህ ነበር። ምን ብለህ መለስክ?"

"ነገር አታንሺ።"

"በአስተማሪው ፊት ተናገረው።"

አባባ ባሱ መሬት መሬት አዩ። "የሴት ምክር ውሻ ያፈዛል አልኩ።"

"ውሻዬን ለስድስት ዓመት ነው ያሳደግኩት" አሉ እትዬ ቱዳ። ጣታቸውን ወደ አባባ ባሱ ቀሰሩ። "ሌሊት እሱ ሲጮህ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ።"

አባባ ባሱ ጎንበስ ብለው ቡችላውን አነሱ። ከዚያ አንገታቸውን ሳያቀኑ፣ "ውሻው አይደለም የገደለው" አሉ። "እኔ ነኝ።"

እትዬ ቱዳ ሱፋቸውን አንስተው ማበጠር ቀጠሉ። ልንሄድ ስንል ግን፣ "መጀመሪያ አስወጋው። ከዚያ ጠዋት ጠዋት አምጣው" አሉ።

አባባ ባሱ ቡችላውን አስወጉት፤ የበረዶውን ክረምትም በተቻለ ጠዋት ሁሉ ይዘውት ወደ እትዬ ቱዳ ቤት ወረዱ። መጀመሪያ ከአሮጊቷ ውሻ ጋር ብቻ ዋለ፣ ቀጥሎ ከወንዶቹ አንዱ ተፈታለት፣ በኋላም ከሁሉም ጋር ሆነ። የቀረውን ጊዜ ከበጎቹ መሀል አልጠፋም። እዚህ ላይ ጉድጓድ ለሚቆፍሩት ሁሉ በግልጽ እናገራለሁ፦ ከውሾች ጋር ያደገ ውሻ ጉልበቱን በጎረቤት ላይ አይጨርስም፤ ማን እንግዳ፣ ማን ጠላት እንደሆነ ይለያል። ተኩላ ሲመጣም ከሌሎች ውሾች ጋር ይቆማል። መንጋው አይበተንም፣ ሰፈሩም በደም አይቃቃርም። ለአንድ ፍጥረት ሕይወቱን ጨለማ አድርጎ ጀግና ሆነ ማለት ግን ጭካኔ ብቻ ሳይሆን ኪሳራም ነው።

አግዳል በተከፈተ ጠዋት ነጩ ውሻ ማለፊያው ላይ ከሁሉም ውሾች ጋር ተገናኘ። ሽማግሌዎቹ ድንጋይ በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። አንድ ትልቅ ቡናማ ውሻ ፀጉሩን አቁሞ መጣበት። ነጩ ጎኑን ሰጠው፣ ተሸተተ፣ አሸተተ፣ ዞሮ ወደ በጎቹ ሄደ። ድንጋዮቹ አንድ በአንድ መሬት ወደቁ። አባባ ባሱ አፈሩ ላይ ቁጭ አሉ።

እትዬ ቱዳ በጎቻቸውን እየነዱ አጠገባቸው ሲደርሱ ቆሙ።

"ጥሩ ውሻ ወጣው። የኔ ግን አይመለስም።"

"አይመለስም" አሉ አባባ ባሱ።

"እንግዲህ ተነሣ፣ ሣሩን ሰው ሊቀድምህ ነው" አሉና እጃቸውን ዘረጉላቸው።