የእሑዱ አውቶቡስ

ምእመኑ ከማዶኛው መንደር ቤተ ክርስቲያን ጋር ይዋሐድ ተብሎ ስለተወሰነ፣ በስኮትላንድ ያለችው የኪልቦርን መንደር ቤተ ክርስቲያን ልትዘጋ አራት እሑድ ቀርቷታል። ከጸሎት በኋላ ሻይ ሲቀርብ፣ እዚያው የተጠመቀችው አሮጊቷ ኤፊ ከጎረቤቷ ከሺና ጋር ተቀመጠች። ቤተ ክርስቲያኗን የሚያስተዳድረው የሽማግሌዎች ጉባኤ ጸሐፊ የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዘው ከጀርባዋ ሲደርሱ ድምጿን ከፍ አደረገች፤ ዞር ግን አላለችም።

"ዝናቡ አባራልን አይደል፣ ሺና? እስቲ ስኮን ዳቦውን ቅመሺው... ደረቀ እንዴ? እኔው ነኝ የጋገርኩት። ሆድ ሲብስ እጅም ይደርቃል መሰለኝ።

"እኔማ ምን ይከፋኛል? ጳጳስ የለብን፣ አዛዥ የለብን፤ ሽማግሌዎች እኩል ተቀምጠው ድምፅ ይሰጣሉ። አምስት ለአራት ተዘጋን! በአንዲት እጅ ብቻ... የማን እንደሆነች እንጃ። አንድ የማውቃቸው ሰው ግን እጅ ማንሣት ሲያምርባቸው! ትሕትናቸውስ? ሁልጊዜ ከኋላ ወንበር ናቸው... ማን እንደቀረ ለማየት ይመቻል።

"'ቤተ ክርስቲያን ሰው ናት እንጂ ድንጋይ አይደለችም' ብለው ያስተማሩን እሳቸው አይደሉ? እውነታቸውን ነው። ሳይዘጋ የተረፈው የማዶኛው ድንጋይ ታዲያ እሳቸው አምና ከገዙት ቤት መቶ እርምጃ መሆኑ... እግዜር ሲያድል! ሁሉ አስቀድሞ የተወሰነ ነው እያልን አይደል የምናምነው? ይኼማ ከስብሰባውም አስቀድሞ ነበር።

"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ። የእኛ ድር አብሮ ያሰረው የራሳችንን በር ነው። 'ለስኮትላንድ ሁሉ፣ ለየመንደሩ' የምትባል ቤተ ክርስቲያን እያለችን... እኛ የየት አገር ሰዎች ነን? እስከ ማዶኛው ዘጠኝ ማይል፣ እሑድ ደግሞ አውቶቡስ የለም። ቢሆንም እግር ያፍታታል፣ እህቴ። አትሳቂ እንጂ!"

ከጀርባዋ ጸሐፊው የሚቀዱት ሻይ ከስኒው አልፎ ጨርቁ ላይ ፈሰሰ። ኤፊ የራሷን መሐረብ ሳትዞር ወደ ኋላ አቀበለች።

"አሜን በይ፣ ሺና። እኚህን ሰው ጌታ ዕድሜ ከጤና ይስጥልን። እኛን እንዳሰቡን ያስባቸው። ቀናቸው የደረሰ ለታም ቀብራቸውን እሑድ ያድርግላቸው... ሁላችንም በአውቶቡስ መጥተን እንሸኛቸዋለን።"