በባናው ጠርዝ ላይ የተሰፋው ብር

መሐል ሜዳ ገበያ፣ ባላቸው ከሞቱባቸው አንዲት እናት ሟቹ ይለብሱት የነበረውን የሱፍ ባና ገዛሁ። ቤት ወስጄ ሳራግፈው የጠርዙ ስፌት ተተርትሮ ውስጡ የተሰፋ ብዙ ብር ወጣ። የልጄ የኮሌጅ ክፍያ አስጨንቆኝ ነበርና ላስቀረው ወይስ ልመልሰው እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ከረምኩ። በመጨረሻ ሲደክመኝ ቤታቸውን ጠያይቄ ይዤላቸው ሄድኩ።

«ከባናው ወጣ» ብዬ ብሰጣቸው አልነኩትም። «ደብረ ብርሃን ሄደህ ታከም ስለው፣ በምን ገንዘቤ እያለ ነው የሞተብኝ» አሉ።

«ለተዝካራቸው ይሆንዎታል፣ እማማ» አልኳቸው።

«ተዝካሩንማ ባናውን ሽጬ አወጣሁለት።»

ብሩን መደቡ ላይ አኑሬ ስነሳ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። «ምነው ልጄ፣ ዝም ብለሽ በበላሽው» አሉኝ።