ያልጠወለጉት ሦስቱ

አቶ ሆርዶፋ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የጠወለገ የቲማቲም ተክል በፌስታል ይዘው ሾላ ገበያ የወረዱት፣ እስከ ዛሬ ከረጩት የሚብስ የተባይ መርዝ ለመግዛት ነበር። የአባታቸው የጤፍ ማሳ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ሰንብቷል፤ የቀረቻቸው ከአያት ሰፈር ጀርባ፣ ወንዙ ዳር ያለች ቁራሽ ጓሮ ናት። ቲማቲሙ ሦስት ዓመት በተከታታይ ፍሬ ሳይዝ ሞተባቸው። ያቺን ጓሮ ከተዉ ገበሬነታቸው አብሮ የሚቀበር ይመስላቸዋል።

ከመርዝ ቤቱ በር ላይ የጎረቤታቸው የአቶ ሊባኖስ ልጅ ዮሃና አገኘቻቸው። የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ናት።

«አባባ ሆርዶፋ፣ እንደምን አደሩ? ምነው ፊትዎ ጠቆረ?»

ጉዳቸውን ነገሯት። ዮሃና ከሻይ ቤት በብርጭቆ ውኃ ለመነችና ግንዱን ቆርጣ ጫፉን ውኃው ውስጥ ነከረችው። ጥቂት ቆይቶ ወተት የመሰለ ነጭ ክር ከተቆረጠው ጫፍ ቀስ እያለ ወረደ። ሽማግሌው ወደ ብርጭቆው ጎንበስ አሉ።

«ገዳዩ ይህ ነው፤ ባክቴሪያ ነው» አለች። «በሥር ገብቶ የውኃውን መንገድ ይዘጋል። ቅጠል ላይ የሚረጩት መርዝ አያገኘውም።»

«እንግዲያ አፈሩ ላይ ላፍስሰው።»

«እሱንስ ይተዉት። አፈር ውስጥ ተክሉን የሚጠብቁ ደግ ባክቴሪያዎችም አሉ። እነሱን ከገደሉ ቤቱን ለሌባ ክፍት መተው ነው።»

«ደግ ተባይ? ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ አፈር ስገፋ ደግ ተባይ አላየሁም!»

«ባለቤትዎ እማማ እልፍነሽ ወተት ላይ ከትናንቱ እርጎ ጠብ ሲያደርጉበት ለምን አይበላሽም? ደጎቹ ቀድመው ቦታውን ስለሚይዙት ነው። የተክል ሥርም እንዲሁ ነው። በዙሪያው ከሰፈሩ ክፉውን ምግብም ቦታም ይሻሙታል፤ የሚያዳክመውን ነገር የሚያመነጩም አሉ። አንዱ ዓይነት ብቻውን ሊሸነፍ ይችላል፤ ብዙ ሆነው ሲረዳዱ ግን ይበረታሉ።»

አቶ ሆርዶፋ የተቆረጠውን ግንድ ወደ ፌስታሉ መለሱ። በስተርጅና፣ ልጃቸው ከምትሆን ሰው መማር ኀፍረት አለው።

«ከሞቱት መካከል የተረፈ አለ?» ስትል ጠየቀች።

«ሦስት እግር።»

ጓሮው ድረስ አብራቸው ሄደች። በደረቁት መካከል ሦስቱ ለምልመው ቆመዋል።

«ምናልባት ጠባቂዎቹ እነዚህ ሥር ይኖራሉ። አንዷን ከነሥሯ ይስጡኝ፤ ደጎቹን ለይቼ ላባዛቸው።»

«የቀረችኝን? በሽታው ያልነካትን አንቺ ልትነቅይብኝ?»

«ይሳካል ብዬ ልምልልዎ አልችልም፣ አባባ። ካልሞከርነው ግን የሚመጣው ዓመት ከዘንድሮው አይለይም።»

ተክሏን ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ተንበርክከው በገዛ እጃቸው ቆፈሯትና፣ አፈሩ እንዳይራገፍ በጋቢያቸው ጫፍ አቅፈው ሰጧት።

ዮሃና ዓመት ሙሉ ስትመረምር፣ እርሳቸው በምክሯ የሞቱትን ነቅለው አቃጠሉ፤ በቦታውም ይህ በሽታ የማይዘውን ጎመን ዘሩ። በዓመቱ የባክቴሪያዎቹን ድብልቅ ይዛ መጣች። የአርባ ችግኝ ሥር እሱ ውስጥ፣ የሌላ አርባ ደግሞ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ነክረው ጎን ለጎን ተከሉ። በድብልቁ ከተነከሩት ሠላሳ አንዱ ፍሬ ያዙ፤ ከሌሎቹ የቆሙት ስምንት ብቻ ነበሩ።

ከወንዙ በታች የሚያርሰውና ቲማቲሙ እንዲሁ የጠወለገበት ጉዲና የመርዝ ጠርሙስ ይዞ ሲያልፍ፣ አቶ ሆርዶፋ ጠርተው ሁለቱን መደብ አሳዩት፤ የድብልቁንም ነገር አጫወቱት።

«አልዋሽህም፤ ድብልቁ ውስጥ ከነከርኩትም ዘጠኝ ሞቶብኛል። ነገር ግን ዘንድሮ መርዝ አልገዛሁም። ንቡ ተመልሷል። አንተ ከብትህን የምታጠጣው ውኃ ከእኔ ጓሮ መርዝ አይወርድበትም። የልጅ ልጆቼም ከተክሉ ቀጥፈው ቢበሉ አልሰጋም።»

«እንዲያ ከሆነ ክፉው ከመሬቱ ጠፋ?»

«አልጠፋም። አሁን ግን የሚከለክለው ጎረቤት በዛበት። እኔ ያንን ጎረቤት ነበር ሦስት ዓመት ስገድል የኖርኩት።»

ጉዲና ጠርሙሱን ሳይከፍት ተመለሰ። በማግስቱ የሞቱ ተክሎቹን ሲነቅል አቶ ሆርዶፋ በሽታው ከማሳ ወደ ማሳ እንዳይጋባ መኮትኮቻቸውን በደንብ አጥበው ሊያግዙት ወረዱ።