የካፒቴኑ ጀልባ የሰጠመችበትን ምክንያት በተመለከተ የተሰጠ ቃል

ምስክር፦ የአመልካቹ ሚስት ታላቅ እህት፣ በሰፈር አጠራር እትዬ ሬዲዮ
ዕድሜ፦ 52
ትምህርት፦ 12ኛ ክፍል
ሥራ፦ ጸጉር ሠሪ
አድራሻ፦ ከጀልባ ማረፊያው ጀርባ፣ ከአመልካቹ ጋር በአጥር የምትዋሰን
ቃሉ የተሰጠበት፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡30፣ መርማሪ ቢሮ

ይህን ቃል የምሰጠው ማንም ሳያስገድደኝ፣ እንዲያውም ማንም ሳይጠራኝ በገዛ እግሬ መጥቼ ነው። አመልካቹ የታናሽ እህቴ ባል ነው። ሰፈሩ ካፒቴኑ የሚለው ጀልባ ሳይኖረው የካፒቴን ቆብ ገዝቶ ስለሚዞር እንጂ ዓሣ ከሳህን ላይ በቀር ይዞ አያውቅም። ባለፈው ወር ሐይቅ ዳር ተጥላ ዶሮ ያድርባት የነበረችውን አሮጌ የአሉሚኒየም ጀልባ አስጎትቶ ግቢው ውስጥ በርሜል ላይ አስቀመጣት። አሁን ተጠርጥሮ የታሰረው በያጅ መጥቶ ሲያያት እኔም ነበርኩ። «ጋሼ፣ ሆዷ ተበልቷል፤ በደንብ ሳትበየድ ሰው አይሳፈርባት» አለው። ካፒቴኑም «ሥራ ፍለጋ ነው የመጣኸው!» ብሎ አባረረው።

በማግስቱ እሱ በሌለበት እኔና እህቴ ጀልባዋን በጎማ ውኃ ሞላናት። ከሥሯ የሚያንጠባጥበው ሁሉ ቀዳዳ ነው፤ ይህን ለማወቅ ቆብ አያስፈልግም። እኔም እየወለወልኩ የእያንዳንዱን ቀዳዳ ዙሪያ ከሱቄ ባመጣሁት ቀይ የጥፍር ቀለም ከበብኩት። እህቴ «እትዬ፣ ኩፍኝ የያዛት መሰለች እኮ!» ብላ ሳቀች። ካፒቴኑ ግን ሲመለስ ቀዳዳዎቹን የመኪና በር በሚሞላበት ስቱኮ ደፍኖ ሁለመናዋን ሰማያዊ ቀለም ቀባት። ስቱኮ ውኃ አይችልም ስለው «አንቺ ጸጉርሽን ተኩሺ» አለኝ። እየተኮስኩ ጠበቅኩት።

ማክሰኞ ጠዋት ቆቡን ደፍቶ፣ ዋና የማትችለውን እህቴን አሳፍሮ ሄደ። ከዳር ብዙም ሳይርቁ ስቱኮው እንደ ራሰ ዳቦ ለቀቀ። እህቴን ዋኝቶ ያወጣት በያጁ ነው። ካፒቴኑ ያወጣው ቆቡን ነው። ልብሱ ሳይደርቅ «ይህ ምቀኛ በመሰርሰሪያ በስቶብኝ ነው» ብሎ አሳሰረው፤ ሚስቱን ላተረፈለት ሰው ምስጋናው ይኸው ነው። እህቴ ለትዳሬ ብላ አፏን ይዛለች። እኔ ግን እሱን አላገባሁትም።

ቀዳዳዎቹን የበሳው በያጁ ከሆነ፣ ከቀለሙ ሥር የእኔ ቀይ ክብ ምን ይሠራል? ይህን ስል መርማሪው ይዘውኝ ወደ ጣቢያው ግቢ ወጡ፤ ጀልባዋ እዚያው ተገልብጣ ነበር። ባንዱ ቀዳዳ ዙሪያ ሰማያዊውን በቢላ ፋቅ ፋቅ ሲያደርጉት ቀዩ ወጣ። ሌላውንም ፋቁ፤ ወጣ። ጣቴን አስጠግቼ ከጥፍሬ ቀለም ጋር አስተያየሁት፤ አንድ ነው። ክሱን ሊከታተል መጥቶ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠው ካፒቴን ይህን ሲያይ ቆቡን አወለቀ። እህቴን ካገባ ጀምሮ ሲያወልቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። መላጣ ነው። በሙያዬ ምንም ላደርግለት አልችልም።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው፣ መርማሪው አሳጥረውት ካልሆነ በቀር የጎደለው የለም። በያጁ ዛሬውኑ ይለቀቅ። የጥፍር ቀለሙን ብልቃጥ ለማስረጃ አስረክቤያለሁ፤ ግማሽ አለውና ጉዳዩ ሲያበቃ ይመለስልኝ።

የምስክር ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________