የተበየደው ጋንቾ

ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ የገበሬ ግቢ፣ አቶ ጥላዬ ባሏን ትታ ልጇን ይዛ የመጣችውን ልጃቸውን ትርሲትን ወደ ቤቷ እንድትመለስ እየለመኗት ነው።

ጥላዬ፦ ለአንድ ቁራጭ ብረት ተብሎ ትዳር ይፈርሳል? ሰው ሲሰማ ምን ይላል?

ትርሲት፦ ሰው ያሻውን ይበል፣ አባባ። እኔ ከዚያ ሰው ጋር ከአንድ ትሪ መብላት አልችልም።

ጥላዬ፦ ባልሽን ነው "ያ ሰው" የምትይው?

ትርሲት፦ እሱን ባሌ ማለት ትቻለሁ።

ጥላዬ፦ መክብብ እኮ ትናንት እዚህ ድረስ መጥቶ አልቅሷል። ደግሞ ብረቱን የመረጠችው ራሷ ናት ነው ያለኝ። አዲስ አበባ ድረስ ሄደሽ ያመጣሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?

ትርሲት፦ እሱማ እውነቱን ነው፤ መርጫለሁ። እርስዎ ላምዎን እንቁን ለልጅሽ ወተት ትሁን ብለው ሲሰጡን፣ ተጎታች ተውሰን በራሳችን ፒክአፕ እንውሰዳት ተባባልን። መኪናው ከኋላው ተጎታች የሚያዝበት ጋንቾ አልነበረውም። ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። አንዱ ነጋዴ ላሟ ስንት ኪሎ ትሆናለች ብሎ ሲጠይቀኝ ሳቄ መጣ። እሱ ግን የምሩን ነበር፤ የላሟንና የተጎታቹን ክብደት ገምቶ ከዚያ በላይ የሚችለውን አወጣልኝ። ለዚያው መኪና ተብሎ የተሠራ ነው። ከሥር ሻንሲው ግራና ቀኝ ተበስቶ በቡሎን ይታሰራል።

ጥላዬ፦ ታዲያ እሱን አሰረ፣ እሱ ተሰበረ። ብረት ነው፣ ይሰበራል።

ትርሲት፦ አላሰረውም። ያመጣሁት ጋንቾ ካርቶኑ እንኳ ሳይከፈት ዕቃ ቤት ተቀምጧል። አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው ያየሁት።

ጥላዬ፦ ምን አስሮ ነው ታዲያ የመጣው?

ትርሲት፦ ጋራዥ ሲወስደው ሻንሲው ይበሳል አሉት። መኪናዬማ አይበሳም፣ ነገ ልሽጠው ብል ገዢው ጎንበስ ብሎ ያያል አለ። ከዚያ ሰፈር ካለ በያጅ ዘንድ ሄዶ ከወዳደቀ ብረት የተቆረጠ ነገር ባምፐሩ ላይ አስበየደ፤ ጥቁር ቀለምም አስቀባው። ለእኔ ያመጣሽው ታስሯል አለኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ አላየሁም። ባሌ ነው፣ አመንኩት።

ጥላዬ፦ ለንብረቱ ስስት ይዞት ነው። ይሄ በምክር የሚመለስ ነገር ነው።

ትርሲት፦ ስስት ብቻ ቢሆን እኔው እመክረው ነበር። መንገድ ላይ የሆነውን ነግሮዎታል?

ጥላዬ፦ ቁልቁለቱ ላይ ተጎታቹ ተላቀቀ፣ ላሟ ወደቀች አለኝ። ሲነግረኝም እንባው ይወርድ ነበር።

ትርሲት፦ እንባውን እዚህ ሲደርስ ነው ያገኘው። እኔ ልጄን ታቅፌ ጋቢና ውስጥ ነበርኩ። ከኋላ ጓ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ወዲያው መኪናው ሸክም እንደወረደለት ቀለለ። ዞር ስል ተጎታቹ ብቻውን ወደ ዳር ይሄዳል። ቦይ ውስጥ ገብቶ ተገለበጠ። ልጄን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ሮጥኩ። እንቁ በጎኗ ተዘርራለች፤ የኋላ እግሯ ተሰብሮ አጥንቱ ወጥቷል። ዓይኗን አፍጥጣ ታየኛለች። ሆዷ ውስጥ ጥጃው ይንቀሳቀሳል። ልትወልድ የደረሰች አይደለች? መክብብን ጠራሁት፤ አልመጣም። ዘወር ብዬ ሳይ ከመኪናው ኋላ ተንበርክኮ የተላጠውን ባምፐር በምራቁ እያራሰ በእጅጌው ይወለውላል።

ጥላዬ፦ ደንግጦ ይሆናል። የደነገጠ ሰው የሚሠራውን አያውቅም።

ትርሲት፦ እኔም ለራሴ ያንኑ ብዬ ነበር። ከዚያ የአካባቢው ሰዎች መጡና አትድንም፣ ሳትሞት ትታረድ አሉ። እሱን አልተቃወምኩም። እኔ ዳር ተቀምጬ ሳለቅስ እሱ እጅጌውን ሰብስቦ ሥጋውን እንደ ቅርጫ በመደብ ያስደለድላል። ሽንጡ የእኔ ነው፣ ጉበቱን እንዳትነኩ ይላል። አንዱ የተናገረው አስቆት ከት ብሎ ሲስቅ ሰማሁት። ጥጃውን አውጥተው ሣሩ ላይ ጥለውታል፤ ገና እርጥብ ነው፣ ጆሮው ግንባሩ ላይ ተለጥፏል። እሱ ሥጋውን ተሸክሞ ጥጃውን ተሻግሮ ሄደ። ዝቅ ብሎ እንኳ አላየውም።

ጥላዬ፦ በቃ፣ ተይው።

ትርሲት፦ አልተውም፣ አባባ፤ ይስሙኝ። ቤት ስንገባ የሥጋውን ፌስታል የልጅቷ ምግብ የሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ደሙ በጠረጴዛው ጨርቅ ላይ ይወርዳል። ጥብስ ሥሪልኝ፣ ቃሪያ በዛ አድርጊበት አለኝ።

ጥላዬ፦ በእንቁ ሥጋ?

ትርሲት፦ በእንቁ ሥጋ። እምቢ ስለው ራሱ ጠብሶ በላ። ቤቱ በሙሉ ሸተተኝ። እዚህ መጥቼ ልብሴን አጠብኩ፣ የልጄን ፀጉር አጠብኩ፣ አልለቀቀኝም።

ጥላዬ፦ እንቁን እናቷ ስትሞት በጡጦ ያሳደግኳት እኔ ነኝ።

ትርሲት፦ አውቃለሁ፣ አባባ።

ጥላዬ፦ ያም ሆኖ ልጄ፣ ስለ እንስሳ ብለን ቤት አናፈርስም። ሆዳም ነው፣ ደንታ ቢስም ነው፤ እሺ። ነገ ሽማግሌዎቹ ለእርቅ ሲመጡ ይህ ሁሉ ፊት ለፊት ይነገረዋል፣ ይገሠጻል። አንቺም እሺ በያቸው። ልጅሽ ካባቷ ተለይታ አትደግ።

ትርሲት፦ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያን ቀን ጠዋት እንቁን ስንጭን መክብብ ምን አለዎት?

ጥላዬ፦ ምን ይለኛል? እንቁ ስለምታውቅዎት ከኋላ ተጎታቹ ላይ አብረዋት ይሁኑ፣ እንዳትረበሽ አለኝ። እኔም እሺ ብዬ ወጥቼ አንገቷን ይዤ ነበር። የጎረቤታችን ለቅሶ ሲነገረኝ ነው የወረድኩት። ለምን ጠየቅሽኝ?

ትርሲት፦ ጥብሱን ሲበላ፣ ብየዳው እንዴት በአንድ ጊዜ ለቀቀ አልኩት። አጥንት እየጋጠ፣ በአንድ ጊዜማ አይደለም አለኝ። በዋዜማው ባዶውን ተጎታች ሲጎትት ብየዳው ተሰንጥቆ አይቶታል። በያጁም እንደገና ሳይበየድ ነፍስ ያለው ነገር እንዳትጭንበት ብሎታል። መንገዱ አጭር ነው፣ ይይዛል ብዬ ተውኩት አለኝ።

ጥላዬ፦ በዋዜማው? እኔን ከኋላ ይሁኑ ከማለቱ በፊት?

ትርሲት፦ ከማለቱ በፊት። እኔም የጠየቅኩት ይህንኑ ነው። አባቴ እኮ ከኋላ ሊቀመጡ ነበር፣ እያወቅህ ነው ወይ ተጎታቹ ላይ ያስወጣሃቸው አልኩት። ቀና ብሎ አላየኝም። "ታዲያ አልሄዱም፤ ምን ሆኑ?" አለኝ። ከዚያ ጨው አቀብዪኝ ብሎ እጁን ዘረጋ።

ጥላዬ፦ እንዲህ ነው ያለው?

ትርሲት፦ እንዲህ ነው ያለው። እጁ እስከ አንጓው ድረስ ቅባት ነው። ልጄን አንስቼ የወጣሁት ያኔ ነው። ለእርስዎ ላልነግርዎት ወስኜ ነበር፤ አንጀትዎ እንዳያርር ብዬ።

ጥላዬ፦ ትናንት ሲመጣ ጉልበቴን ስሞኛል።

ትርሲት፦ ከውስጥ ሆኜ አይቻለሁ።

ጥላዬ፦ ሂጂ ጉልበቴን የምታጠብበት ውሃና ሳሙና አምጪልኝ። ስልኩንም ይዘሽልኝ ነይ፤ ሽማግሌዎቹ ነገ እንዳይደክሙ እኔው ልንገራቸው።